ኩኩሉ፣ አልነጋም

ለቅዳም ስዑር አጥቢያ ነው። ሰው ከስቅለት ስግደት ጉልበቱ ዝሎ ገብቶ ተኝቷል። በአዲስ አበባ ዳርቻ ካሉት የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች በአንዱ፣ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ፣ ከመከለያው ብረት ጋር በሲባጎ የታሰረ ቀይ አውራ ዶሮ ቆሟል። ቀን ከገበያ ተገዝቶ፣ ሁለት እግሩ ተጠፍሮ፣ በሚኒባስ ወንበር ሥር ሆኖ የመጣ ነው። ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም። ሰማዩ ድቅድቅ ነው፤ የመንገዱ መብራት ብቻ የበረንዳውን አንድ ጎን ያበራል።

ዶሮው መጀመሪያ ጥፍሩን ሲሚንቶው ላይ ያደላድላል። ክንፉን ሁለት ሦስት ጊዜ በኃይል ያርገበግባል። ቀጥሎ አንገቱን ሽቅብ ይመዘዋል፤ የአንገቱ ላባ ተነፋፍቶ ይቆማል፤ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል፤ አፉ እስከ መጨረሻው ይከፈታል። ጩኸቱ ሁለት ሰከንድ ያህል ቢቆይ ነው። ሲጨርስ ደረቱ ውስጥ የቀረውን አየር አውጥቶ ጸጥ ይልና ጭንቅላቱን ወደ ጎን ዘንበል ያደርጋል። እያዳመጠ ነው።

ከማዶው ሕንጻ መልስ መጣ። ሦስተኛው ከታች ከኮሙናሉ በር ቀጠለ። አራተኛው ከየት እንደሆነ አይለይም። አንዲት ሴት ነጠላዋን ደርባ ወደ በረንዳ ወጣችና ቁልቁል ወደ ጥበቃው ተጣራች።

«አባባ፣ እነዚህ ዶሮዎች ዛሬ ምን ነካቸው? ገና ውድቅት አይደል እንዴ?»

«ምንም አልነካቸው ልጄ። ሁሉም በየአገሩ አለቃ ነበር። አንዱ ሲጮህ ሌላው ዝም ብሎ መስማት አይሆንለትም።»

የጥበቃው አባት መልስ ከአብዛኛው ሰው ግምት ይልቅ ወደ እውነቱ የቀረበ ነው። እኛ ዶሮ የሚጮኸው ብርሃን አይቶ ነው እንላለን። ጎህ ሲቀድ የሚጮህ፣ ንጋትን የሚያበስር እያልን ስናወራለት ኖረናል። ሌሊት ነቅቶ ያዳመጠ ሰው ግን የመጀመሪያው ጩኸት ጎህ ሳይቀድ፣ በምሥራቅ በኩል ምንም ሳይታይ እንደሚሰማ ያውቃል። ታዲያ ዶሮው ምን አይቶ ነው የሚጮኸው?

ይህን ጥያቄ በጃፓን የናጎያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጹዮሺ ሺሙራና ታካሺ ዮሺሙራ በቤተ ሙከራ መርምረው ውጤቱን በ2013 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። አውራ ዶሮዎችን የውጭ ብርሃን በማይደርስበት ክፍል አኖሩ። በመጀመሪያ አሥራ ሁለት ሰዓት ደማቅ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ደብዛዛ ብርሃን እንዲፈራረቅ አደረጉ። ዶሮዎቹ ደማቁ መብራት ከመብራቱ ሁለት ሰዓት ያህል አስቀድመው መጮህ ጀመሩ። ብርሃኑን ይጠብቁት ነበር እንጂ ገና አላዩትም። ከዚያ ተመራማሪዎቹ ቀንና ሌሊት የሚባለውን ነገር ጨርሰው አጠፉ፤ ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ ያው ደብዛዛ ብርሃን ብቻ ሆነ። ዶሮዎቹ አሁንም በየዕለቱ ጊዜያቸውን ጠብቀው ጮኹ። የአንዱ ቀን ጩኸት ከቀጣዩ ቀን ጩኸት ጋር የሚራራቀው በ23.7 ሰዓት ነበር።

ዶሮው ጊዜውን የሚያውቀው ፀሐይን አይቶ ብቻ ቢሆን ኖሮ ፀሐይ ስትጠፋበት ግራ በተጋባ ነበር። የሚቆጥርበት ሰዓት ሰውነቱ ውስጥ ነው ያለው። ያ ሰዓት ብቻውን ሲተው በቀን አሥራ ስምንት ደቂቃ ያህል ይቀድማል፤ ውጭ ሲኖር ደግሞ የየቀኑ ንጋት መልሶ ያስተካክለዋል። ተመራማሪዎቹ በተለያየ ሰዓት ድንገት መብራት አበሩ፣ የሌላ ዶሮ ድምፅም አሰሙ። ዶሮዎቹ ለሁለቱም መልስ ሰጡ፤ መልሳቸው ግን ንጋት ሲቃረብ ይበልጥ ይበረታ ነበር። የመንገድ መብራትና የጎረቤት ዶሮ ሰበብ ይሆናሉ ማለት ነው፤ ያ ሰበብ መቼ እንደሚሠራ የሚወስነው ግን የውስጡ ሰዓት ነው።

ልጆች ሆነን ድብብቆሽ ስንጫወት ዓይኑን የጨፈነው ልጅ «ኩኩሉ!» ይል ነበር። የተደበቁት «አልነጋም!» ብለው ይመልሱለታል። እንደገና «ኩኩሉ!» ይላል፤ እንደገና «አልነጋም!» ይባላል። ልጆቹ ልክ ናቸው። ዶሮው ኩኩሉ ሲል በእርግጥም አልነጋም፤ ሊነጋ ነው።

አገራችን ለዚህ የዶሮ ሰዓት የምትመች ናት። ከምድር ወገብ ብዙ ስለማንርቅ በአዲስ አበባ ፀሐይ የምትወጣበት ጊዜ ዓመቱን በሙሉ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ልዩነት ውስጥ ነው የሚመላለሰው። በሰሜን አውሮፓ የበጋ ንጋትና የክረምት ንጋት በብዙ ሰዓታት ስለሚራራቁ በዚያ ዶሮን ተማምኖ ቀጠሮ መያዝ አስቸጋሪ ነው። እኛ ጋ ግን ቄሱ ለማሕሌት፣ ገበሬው በሬ ለመጥመድ፣ ነጋዴው አህያ ለመጫን «ዶሮ ሲጮህ» ተባብሎ ተቀጣጥሮ ሳይተላለፍ ኖሯል። በሮማውያን ዘመን በእስራኤልም ሰው ሌሊቱን በዶሮ ጩኸት ይለይ ነበር። ወንጌላዊው ማርቆስ የሌሊቱን ክፍሎች ሲዘረዝር ከእኩለ ሌሊትና ከማለዳ መካከል ያለውን ክፍል የሚጠራው በዶሮ ጩኸት ነው። ጴጥሮስ ጌታውን የካደበት ሰዓትም በዚያው ጩኸት ነው የሚታወቀው።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ወፍ የሰጠችው ቦታ ግን ከሰዓት ነጋሪነትም ያልፋል። በሰሙነ ሕማማት፣ በጸሎተ ሐሙስ የሚነበብ «መጽሐፈ ዶርሆ» የሚባል ድርሳን አለ። በታሪኩ ተሠርቶ ለማዕድ የቀረበ ዶሮ ከሞት ተነሥቶ ይሁዳን እንዲከታተል ይላካል፤ ያየውንና የሰማውንም ተመልሶ በሰው አንደበት ይናገራል። ድርሳኑ ሙሉ ሆኖ የተጠበቀው በግዕዝ ነው። ስለ ዶሮ ድምፅ የተጻፈ ምን አለ ብሎ ለሚጠይቅ ኢትዮጵያዊ ከደጁ የማይርቅ መልስ ይኸውና።

ወደ ጥበቃው አባት ቃል እንመለስ። «ሁሉም በየአገሩ አለቃ ነበር» ነው ያሉት። ያው የጃፓን ቡድን በ2015 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሁለተኛ ጥናት አብረው የሚኖሩ አውራ ዶሮዎችን ጩኸት በቅደም ተከተል መዘገበ። ሁልጊዜ ቀድሞ የሚጮኸው ከሁሉም በላይ የሆነው ዶሮ ነው። ሁለተኛው እሱን ተከትሎ፣ ሦስተኛው ሁለተኛውን ተከትሎ፣ እንዲህ እያለ እስከ ታችኛው ይወርዳል። የበላዩ ቀደም ብሎ ከተነሣ ሁሉም ቀደም ይላሉ፤ ከዘገየም ይጠብቁታል። ከመካከላቸው ሲወሰድ በማግስቱ ሁለተኛው ቦታውን ይዞ ይጀምራል። የበታቹ ዶሮ የራሱ ሰዓት ሳይኖረው ቀርቶ አይደለም፤ ሰዓቱ ደርሶ እያለ ተራውን ስለሚጠብቅ ነው።

በዶሮዎች መካከል ደረጃ እንዳለ ለዓለም ያሳየው ኖርዌያዊው ቶርሌይፍ ሼልደሩፕ ኤበ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ የቤተሰቡን ዶሮዎች ይከታተል ነበር፤ ማን ማንን እንደሚጠቀጥቅ መዝግቦ በ1920ዎቹ መጀመሪያ አሳተመው። በመንጋው ውስጥ እያንዳንዷ ዶሮ ማንን መጠቅጠቅ እንደምትችል፣ ለማን መሸሽ እንዳለባት ታውቃለች። ደረጃው አንድ ጊዜ ከተበጀ በኋላ ጠብ ይቀንሳል። እንግዳ ሲገባ ግን እንደ አዲስ ይጀመራል።

ይህን ይዘን የዋዜማውን ኮንዶሚኒየም እንመልከት። በአንድ ግቢ ውስጥ ከየገጠሩ የመጡ፣ ተያይተው የማያውቁ፣ በየመንጋቸው ምናልባት አንደኛ የነበሩ አውራ ዶሮዎች በየበረንዳው ታስረዋል። ገጥመው ደረጃቸውን እንዳይለዩ እግራቸው ታስሯል። የቀራቸው ድምፅ ብቻ ነው። በላያቸው መብራቱ አይጠፋም። የዚያን ሌሊቱን ጩኸት የሚያብራራው በእኔ እምነት ይህ ነው፤ ማንም ተራ ስላልያዘ ሁሉም ይጀምራል።

የዶሮ ጩኸት ከአባት የሚማሩት ነገር አይደለም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ማሳካዙ ኮኒሺ የተባለ ተመራማሪ ከተፈለፈሉ ብዙም ሳይቆዩ መስማት እንዳይችሉ የተደረጉ ዶሮዎች አድገው ያለ ጉድለት እንደሚጮኹ አሳየ። ብዙ ዘማሪ ወፎች ዜማቸውን ከታላላቆቻቸው ካልሰሙ አበላሽተው ነው የሚያወጡት፤ ዶሮ ግን ድምፁን ይዞ ይወለዳል። ፈረንሳይ ውስጥ በኒኮል ለ ዱዋራን ቤተ ሙከራ የተሠራው ሥራ ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። ኢቫን ባላባንና ባልደረቦቹ ገና በዕንቁላል ውስጥ ካለ የዶሮ ጽንስ ላይ የአንጎሉን ጅማሬ ከፊል አንሥተው በምትኩ የድርጭት ጽንስ አንጎል ተከሉበት። ጫጩቶቹ ተፈለፈሉ። የዶሮ ገላ ይዘው አንዳንዶቹ እንደ ድርጭት ጮኹ። በ1988 እ.ኤ.አ. ይህ ሲታተም ጩኸቱ በአንጎል ውስጥ የተወሰነ መቀመጫ እንዳለው በዓይን የታየ ማስረጃ ሆነ።

አንጎሉ ብቻውን ግን አይበቃም። ጀርመናዊው አርኖልድ በርቶልድ በ1849 እ.ኤ.አ. በጎቲንገን ከተማ ስድስት ኮክኔዎችን ይዞ ያደረገው ሙከራ ዛሬም በሕክምና ትምህርት ቤት ይነገራል። የተኮላሸ ዶሮ አይጮኽም፣ አይጣላም፣ ሴት አይከተልም፤ በራሱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋም ቀጭጮ ይቀራል። ይህን ከበርቶልድ በፊትም ሰው ያውቀዋል። እሱ የጨመረው ነገር የወጣውን የዘር ፍሬ መልሶ በአንዳንዶቹ ሆድ ውስጥ ማስቀመጡ ነው፤ ከቀድሞው ነርቭ ጋር ሳይያያዝ፣ ባልነበረበት ቦታ። እነዚያ ኮክኔዎች አድገው ጮኹ፣ ተጣሉ፣ ቀይ ሥጋቸውም ፋፋ። በርቶልድ የዘር ፍሬው አንድ ነገር ወደ ደም ይረጫል ብሎ ደመደመ። ሆርሞን የሚለው ስያሜ የመጣው ከዚያ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ስለ ሆርሞን ያለን እውቀት አንድ መነሻው የዶሮ ጩኸት ነው ማለት ይቻላል።

ድምፁ የሚመነጨው እንደ ሰው ከጉሮሮ አናት ሳይሆን ከታች፣ የአየር ቧንቧው ወደ ሁለቱ ሳንባዎች ከሚከፈልበት ሥፍራ ነው። ኃይሉ ደግሞ የሚያስፈራ ነው። የቤልጂየም ተመራማሪዎች በዶሮው ጆሮ አጠገብ ትንሽ ማይክሮፎን አስረው ሲለኩ ከ140 ዴሲቤል በላይ የደረሰ ጩኸት መዘገቡ። የሰው ጆሮ በዚህ ልክ ቢመታ ይጎዳል። ዶሮው ለምን አይደነቁርም? አፉን እስከ መጨረሻው ሲከፍት የጆሮው ቀዳዳ ይጠባል፣ ከፊሉም ይደፈናል፤ ለስላሳ ሥጋም የጆሮውን ታምቡር ግማሽ ያህል ይሸፍነዋል። በበረንዳው ላይ ያየነው ያ አንገት መመዘዝና አፍ መክፈት ድምፅ ማውጫ ብቻ ሳይሆን ጆሮ መዝጊያም ነው። ይህም ሆኖ ቢጎዳ ወፎች እኛ የሌለን ጸጋ አላቸው፤ የሞቱ የመስሚያ ሕዋሶቻቸውን በአዲስ ይተካሉ። ይህ በ1988 እ.ኤ.አ. በጫጩትና በድርጭት ላይ ሲረጋገጥ ለሰው ልጅ መስማት መሳን መድኃኒት ፍለጋ አዲስ በር ከፍቷል።

እስካሁን ያወራነው ስለ ጯኺው ነው። የዶሮ ወሬ ትልቁ ክፍል ግን እዚህ አይደለም። ከጩኸቱ በታች፣ ግቢ ውስጥ ጭረው ሲለቅሙ በዝቅታ የሚወጣው ድምፅ ነው ትልቁ፤ ከዚያም አብዛኛውን የምታወጣው ሴቷ ናት። አሜሪካዊው ኒኮላስ ኮሊያስ የቤት ዶሮ ቅድመ አያት የሆነውን የእስያ ጫካ ቀይ ዶሮ አጥንቶ በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ ሃያ አራት ያህል የተለያዩ የድምፅ ዓይነቶችን ለይቷል። የአውራው ጩኸት ከእነዚህ አንዱ ብቻ ነው።

ጭልፊት ሲያንዣብብ የሚወጣውን ድምፅ የገጠር ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ያ ድምፅ ሲሰማ ጫጩቶች ቁጥቋጦ ሥር ይሰገሰጋሉ። ሸለምጥማጥ ወይም ውሻ በምድር ሲመጣ የሚሰማው ደግሞ ሌላ ነው፤ እየተደጋገመ የሚሄድ፣ ግቢውን ሁሉ የሚያነሣ። ክሪስቶፈር ኢቫንስ፣ ሊንዳ ኢቫንስና ፒተር ማርለር በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ሁለቱን ድምፆች ቀድተው፣ ምንም ጠላት በሌለበት፣ ለሴት ዶሮዎች አሰሙ። የሰማዩን ማስጠንቀቂያ የሰሙት አጎንብሰው ወደ ላይ አዩ። የምድሩን የሰሙት ቀጥ ብለው ቆመው ዙሪያቸውን ቃኙ። ጭልፊትም ሸለምጥማጥም የለም፤ ያለው ድምፅ ብቻ ነው። ድምፁ ታዲያ ፍርሃትን ብቻ ሳይሆን አደጋው ከየት እንደሚመጣም ይናገራል ማለት ነው።

አውራው ይህን ማስጠንቀቂያ የሚያወጣው ሰሚ ሲኖር ነው። ብቻውን ሆኖ ጭልፊት ሲያይ በአብዛኛው አይናገርም፤ ሴት ወይም ጓደኛ አጠገቡ ስትሆን ግን ይናገራል። ምግብም ላይ እንዲሁ ነው። ትል ወይም ፍሬ ሲያገኝ ጭንቅላቱን ዝቅ ከፍ እያደረገ፣ ያገኘውን እያነሣ እየጣለ፣ በፈጣን ድምፅ ሴቶቹን ይጠራል። አንዳንዴ ሴቷ ራቅ ስትል የማይበላ ነገር ይዞም ይጠራል፤ አጥኚዎች ይህን ማታለል ብለውታል። በሲድኒ ማኳሪ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ጥናት ደግሞ የበታቹን ዶሮ ዘዴ አሳየ። የበላዩ በቅርብ ካለ የበታቹ ጭንቅላቱን ብቻ እያነቃነቀ በዝምታ ይጠራል። ድምፅ ቢያወጣ እንደሚጠቀጠቅ ያውቃል። ዶሮ ጭንቅላት የለውም ለሚል ሰው ይህን አንድ ነገር ብነግረው ደስ ይለኛል።

ሴቷስ? ዕንቁላል ልትጥል ስትል ጎጆ እየፈለገች በረጅሙ ታማርራለች። ጥላ ስትነሣ ታስካካለች። በገጠር ልጅ የሆነ ሁሉ ያቺን ማስካካት ሰምቶ ሮጧል፤ ከገለባው መካከል ላቡ ያልደረቀ፣ ትኩስ ዕንቁላል መዳፉ ውስጥ ሲገባ የሚሰማውን አይረሳም። ለምን እንደምታስካካ ብዙ ተብሏል። እኔን የሚያሳምነኝ ከመንጋዋ ተለይታ ስለቆየች ድምፅ አውጥታ ትፈልጋቸዋለች የሚለው ነው፤ ብዙ ጊዜ አውራው ይመልስላታል፣ ሄዶም ይወስዳታል።

የታቀፈች ዶሮ ድምፅ ግን ከሁሉም የከበረ ነው። ጫጩት በሃያ አንደኛው ቀን ከመፈልፈሉ አንድ ሁለት ቀን አስቀድሞ፣ ገና ቅርፊቱ ውስጥ እያለ፣ ከዕንቁላሉ ሰፊ ጫፍ ካለው የአየር ክፍል መተንፈስ ይጀምርና ድምፅ ያሰማል። ዕንቁላሉን ጆሮ ላይ አስጠግቶ ያደመጠ ይሰማዋል። እናቲቱም ትሰማለች፤ በዝቅተኛ ድምፅ ትመልሳለች። ጫጩቱ ሲወጣ የእናቱ ድምፅ እንግዳ አይደለም። በ1930ዎቹ በጀርመን የተደረገ አንድ የታወቀ ሙከራ አለ። ጫጩት እግሩ ታስሮ ከመከለያ ጀርባ ሲጮህ እናቱ ሳታየው በድምፁ ብቻ ሮጣ ትደርሳለች። ያው ጫጩት ድምፅ በማያሳልፍ የመስታወት ክዳን ሥር፣ ዓይኗ እያየው ሲፍጨረጨር ግን ከቁብም አትቆጥረውም። ለእናት ዶሮ ልጇ ማለት ድምፁ ነው።

ይህን ሳስብ ሆዴን የሚያባባው የዛሬው የዶሮ እርባታ ነው። የጫጩት ማስፈልፈያ ማሽን በሺህ የሚቆጠሩ ጫጩቶችን በአንድ ቀን ያወጣል። ሥጋና ዕንቁላል ለብዙ ሰው እንዲደርስ ማሽኑ ያስፈልጋል፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን የማሽኑ ጫጩት መልስ የሚሰጠው ሳያገኝ ነው የሚፈለፈለው። ሲበርደው፣ ሲርበው፣ ሲጠፋ የሚያወጣውን ያንን ከፍ ያለ ተደጋጋሚ ጩኸት የሚሰማ እናት የለም። የሚቀረው ጆሮ የአርቢው ነው።

አንዳንዴ ሴቷ ራሷ ትጮኻለች። በብዙ አገር ይህ የመዓት ምልክት ነው ተብሎ ወዲያው ትታረዳለች። ምክንያቱ የታወቀ ነው። በሴት ዶሮ ውስጥ የሚሠራው የግራው ኦቫሪ ብቻ ነው፤ የቀኙ ሳያድግ ይቀራል። ግራው በበሽታ ወይም በእርጅና ሲጎዳ የሴትነት ሆርሞን ይቀንሳል፣ ያልተለየው የቀኙ እጢ ደግሞ ወደ ወንድ ዘር ፍሬ የሚያደላ ሆኖ ሊያድግ ይችላል። ያኔ በራሷ ላይ ያለው ሥጋ ይፋፋል፣ የእግሯ ሹል ያድጋል፣ ትጮኻለች። በ1474 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ ዕንቁላል ጣለ የተባለ አውራ ዶሮ በፍርድ ቤት ተከሶ በእሳት ተቃጥሏል። የታመመች ዶሮ ሳትሆን አትቀርም።

ይህ ወፍ ወደ እኛ የመጣው ከሩቅ ነው። የዘር አገሩ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። በትግራይ መዝበር በተባለው ጥንታዊ መንደር ቁፋሮ የተገኙና በሔሊና ወልደኪሮስና በካትሪን ዳንድሪያ የተጠኑ የዶሮ አጥንቶች ከ820 እስከ 595 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ባለው ጊዜ ውስጥ የሚወድቁ ናቸው፤ በአፍሪካ ከተገኙት ጥንታዊ የቤት ዶሮ አጥንቶች መካከልም ይመደባሉ። አክሱም ሳትነሣ በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ዶሮ ይጮኽ ነበር።

በሌሎች አገሮች ለዚህ ድምፅ የሚሰጠውን ክብር ሳይ እቀናለሁ። ጃፓኖች ቶቴንኮ የሚባል፣ አንድ ጩኸት ከአሥራ አምስት ሰከንድ በላይ የሚያስረዝም ዘር አላቸው፤ በሕግም ይጠበቃል። ቱርኮች በደኒዝሊ ከተማ ስም የሚጠራ ረጅም ጯኺ ዶሮ አላቸው። በፈረንሳይ ኦሌሮን ደሴት ሞሪስ የተባለ አውራ ዶሮ ለዕረፍት በመጡ ጎረቤቶች ተከሶ በ2019 እ.ኤ.አ. ባለቤቱ በፍርድ ቤት ረትታለች፤ ከዚያ በጥር 2021 እ.ኤ.አ. የገጠር ድምፅና ሽታ የአገር ቅርስ አካል መሆኑን የሚያውቅ ሕግ ወጣ። እኛ ገብስማውንና አንገተ መላጣውን በቀለሙና በክብደቱ እንለያለን፤ በድምፁ የለየው ግን እኔ እስከማውቀው የለም። የግብርና ተመራማሪዎቻችን የአገር ውስጥ ዘሮችን ሲመዘግቡ አንድ የድምፅ መቅጃ ይዘው ቢወጡ ወጪው የሚከብድ አይመስለኝም።

ማዳመጥ ለኪስም ይጠቅማል። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እያንዳንዳቸው 25,000 ያህል ጫጩቶች በያዙ 12 የዶሮ ቤቶች ውስጥ ድምፅ ቀድቶ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የጭንቀት ጩኸት የበዛባቸው ቤቶች ኋላ ላይ ብዙ ዶሮ ሞተባቸው፣ ክብደታቸውም ያነሰ ሆነ። ለዚህ ደግሞ የግድ መሣሪያ አያስፈልግም። በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2024 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 194 ሰዎች የዶሮ ድምፅ ቀረጻ ሰምተው ዶሮዋ ጥሩ ነገር ጠብቃ የደስታ ድምፅ እያሰማች ነው ወይስ ከፍቷት ነው ተብለው ተጠየቁ። 69 ከመቶው በትክክል ለዩ። ዶሮ አርብተው የማያውቁትም ከሚያውቁት አላነሱም። ጆሮው ሁላችንም ጋ አለ።

ስለዚህ ዶሮ የምታረቡ ሁሉ፣ አሥር ይሁን አምስት ሺህ፣ ማታ መብራት ከጠፋና ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ከሰፈሩ በኋላ ወደ ቤታቸው ገብታችሁ ጥቂት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ቁሙ። ጤነኛ መንጋ በሌሊት ጸጥ ይላል። የሚያስነጥስ፣ ትንፋሹ የሚያንኮራፋ፣ አፉን ከፍቶ አየር የሚስብ ካለ ያን ለይታችሁ አውጡና በማግስቱ የቀበሌያችሁን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሩ። ጫጩቶች በአንድ ጥግ ተሰብስበው የሚጮኹ ከሆነ በርዷቸዋል፤ ሙቀቱን ጨምሩ። ለበዓል የገዛችሁትን አውራ ዶሮም እግሩን ፈትታችሁ፣ ውኃ አቅርባችሁ፣ መብራት በማያገኘው ጨለማ ቦታ አሳድሩት፤ እሱም ያርፋል፣ ጎረቤትም ይተኛል። ፈንግል ከያዘ በኋላ መድኃኒት የለውም። ክትባቱ ግን እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል፤ መንጋው ጤነኛ እያለ አስከትቡ።